ቀራጺው ያላየው ፊት

ያኮብ ቦሜን ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት። ቶሎ የሚመጣላችሁ በመዳብ ላይ ተቀርጾ የታተመ የቁም ሥዕል ነው። ረጋ ያለ፣ የተከበረ ሰው። ከሥሩ ስሙ ብቻ ተጽፏል፤ ፎቶግራፍ ይመስል። ይሄ አይዋጥልኝም።

ይህ በተመስጦው የታወቀ ጀርመናዊ ክርስቲያን አሳቢ ጎርሊትዝ ከተማ ውስጥ ያረፈው በ1624 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በብዛት ከሚዞሩት ምስሎች አንዱ ግን በ1730 ከታተመው የሥራዎቹ ስብስብ የተወሰደ ነው። 106 ዓመት አለፈ ማለት ነው። በዚያ ላይ ቀራጺዎች አንዱ የሌላውን ሥራ ይቀዱ ነበር። የታተመ ምስል እንዳለ መዳብ ላይ ከተገለበጠ፣ ሲታተም ግራው ቀኝ ሆኖ ይወጣል። ፊት እንዲህ እንዲህ እያለ ይሸሻል።

መልኩን የሚያውቀው ወዳጁ አብርሃም ፎን ፍራንከንበርግ ግን በጽሑፍ ትቶልናል። ቁመቱ አጭር፣ ግንባሩ ዝቅ ያለ፣ አፍንጫው ትንሽ ቆልመም ያለ፣ ጢሙ አጭርና ስስ፣ ድምፁ ደከም ያለ። ዓይኖቹ ግራጫ ሆነው ወደ ሰማያዊ ያደላሉ። መንገድ ላይ ብታገኙት ዞር ብላችሁ የምታዩት ዓይነት አይደለም።

ጫማ ሰሪ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። በ1600 ቆርቆሮ ሳህን ላይ ያረፈ የፀሐይ ብርሃን አይቶ በተመስጦ ተዋጠ ይባላል። በ1612 «አውሮራ» የተሰኘውን መጽሐፉን ጻፈ። ክፋት ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም። የከተማው ቄስ ግሬጎር ሪሽተር ግን ጫማ ሰሪ ስለ እግዚአብሔር ሲጽፍ ማየት አልቻሉም። በ1613 እንዳይጽፍ ታገደ። ለዓመታት ዝም ብሎ እንደገና ብዕሩን ሲያነሳ፣ ቄሱ መጽሐፉ የጫማ ሰሪ ቅጥራን ይሸታል ብለው በግጥም ዘለፉት።

የኋላ አሳታሚዎች ያንን ሽታ አጥበው ነው ያቀረቡልን። ለመጽሐፍ ገዢ ሊቅ የሚመስል ደራሲ ይሻላል፤ ይገባኛል። ግን ንቀቱን ስትደብቅ ድፍረቱንም ትደብቃለህ። ቄሱ እንኳ ሰውየው ማን እንደሆነ አልሸሸጉም።

ምስሉ ይነሳ አልልም፤ ጥሩ የእጅ ሥራ ነው። ከሥሩ ግን «ከሞተ በኋላ የተቀረጸ» ተብሎ ዓመቱ ይጻፍ። የወዳጁም ቃል አጠገቡ ይቀመጥ። ቦታ ጠበበ ከተባለ ሥዕሉ ይነስ።