የውጭ ተማሪ 5 ነጥብ አይደለም

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ኋይት ሐውስ ለዘጠኝ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ሰነድ ላከ። ፈርሙ፣ የፌዴራል ገንዘብ ላይ ቅድሚያ ታገኛላችሁ የሚል ነው። ከአንቀጾቹ አንዱ እስካሁን ይከነክነኛል። የመጀመሪያ ዲግሪ ከሚማሩት ውስጥ የውጭ አገር ተማሪዎች ከ15 በመቶ አይብለጡ፣ ከአንድ አገር ደግሞ ከ5 በመቶ በላይ አይምጡ ይላል። ማን ጎበዝ ነው፣ ማን ተዘጋጅቷል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሺህ ተማሪ በሚቀበል ኮሌጅ ውስጥ ከአንድ አገር 51ኛ ሆኖ የተገኘ ልጅ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን በሩ ይዘጋበታል።

ሰነዱ አናዶኛል። ይበልጥ ያናደደኝ ግን የዩኒቨርሲቲ ሰዎች መልስ ነው። "የውጭ ተማሪ ከቀነሰ ዓለም አቀፍ ደረጃችን ይወርዳል" ይላሉ። ከዚህ የባሰ ደካማ መከላከያ አላየሁም።

በመጀመሪያ የወዲያኛውን ወገን ወሬ ላንሳ። "የውጭ ተማሪ የልጆቻችንን ወንበር ይወስዳል" ይሉናል። ይህን የሚያፈርሰው የራሳቸው ሰው ነው። የአሜሪካ የንግድ ሚኒስትር ሃዋርድ ሎትኒክ በኦገስት 2025 የቻይና ተማሪዎች ካልመጡ ከታች ያሉት 15 በመቶ የሚሆኑ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ይዘጋሉ አሉ። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ የትኛው ወንበር ነው ለልጆቻቸው የሚተርፈው? ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የዩኒቨርሲቲዎችን በጀት ሲቆርጡ ከጉድለቱ የተወሰነውን የሸፈነው ማን ነበር? ሙሉ ክፍያ የሚከፍለው የውጭ ተማሪ ነው። የአገሩን ልጅ ወንበር አልወሰደም፤ ወንበሩ እንዳይነሳ ከፈለ እንጂ። በዚህ ላይ ብዙ መድከም አያስፈልግም።

ወደ ደረጃው ልመለስ። ኪው ኤስ የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ አውጪ ለውጭ ተማሪዎች ድርሻ የሚሰጠው ከመቶ 5 ነጥብ ነው። ሌላው ደረጃ አውጪ ታይምስ ሃየር ኤጁኬሽን 2.5 ይሰጣል። ከቻይናዋ ሻንጋይ የሚወጣው ደረጃ ጭራሽ አይቆጥራቸውም። የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶቹ የሚያለቅሱት ለዚህች ነጥብ ከሆነ አንድ ፖለቲከኛ "5 ነጥብ ብታጡ ምን ትሆናላችሁ?" ብሎ በአንድ ቃል አፋቸውን ይዘጋል።

ደግሞ ያ የውጭ ተማሪ ዓምድ የሚለካው ምንድን ነው? ፓስፖርት ነው። በኤምሬትስዋ ሻርጃ ተወልዶ፣ ሻርጃ ያደገ፣ ከቤቱ እየተመላለሰ የሚማር የህንዳውያን ልጅ "ዓለም አቀፍ ተማሪ" ተብሎ ይቆጠራል። የኤምሬትስ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ መለኪያ ከዓለም ቁንጮ ላይ የሚቀመጡት ለዚህ ነው። ከህንድ ስመ ጥር የቴክኖሎጂ ተቋማት (አይአይቲዎች) አንዱ የሆነው አይአይቲ ቦምቤይ ግን በዚሁ ዓምድ ከታች ነው። ከአይአይቲዎች ወጥተው በዓለም ላቦራቶሪዎችና ኩባንያዎች የተሰማሩት ለዚህ ሰንጠረዥ ምንም አይደሉም። ስንት መጡ ብሎ ይጠይቃል። ስንት ተመረቁ፣ ማን አማከራቸው፣ ከወጡ በኋላ ምን ሆኑ አይልም።

እኔ የምለው ሌላ ነው። የውጭ ተማሪው ያለው በዚያች 5 ነጥብ ውስጥ ሳይሆን በቀሪው 95 ውስጥ ነው።

የሻንጋዩን ደረጃ እንውሰድ። የውጭ ተማሪ የሚባል ዓምድ የለውም ብያለሁ። ነገር ግን ተመራቂዎቹ ኖቤል ላገኙለት ዩኒቨርሲቲ 10 በመቶ፣ ሲሸለሙ እሱ ጋር ይሠሩ ለነበሩት ደግሞ 20 በመቶ ይሰጣል። አሁን አህመድ ዘወይልን አስቡ። ግብፃዊ ነው። ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ በ1974 ዶክትሬቱን ያዘ፣ ካሊፎርኒያ ወደሚገኘው ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፣ በ1999 የኬሚስትሪ ኖቤል ወሰደ። ፔንሲልቬንያ በተመራቂነቱ፣ ካልቴክ በመምህርነቱ ነጥብ ይወስዱበታል። ሰውየው የመጣው የውጭ ተማሪ ሆኖ ነው። ሰንጠረዡ ውስጥ ይህ የት ተጻፈ? የትም።

ኦማር ያጊም አለ። አማን ውስጥ ከፍልስጤም ስደተኞች ቤት ተወለደ። በ15 ዓመቱ አሜሪካ ሄደ፣ ከአንድ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ጀመረ፣ ገበያ አዳራሽ ውስጥ የሰው ዕቃ እየከተተ ተማረ። የበርክሌይ ፕሮፌሰር ሆኖ ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የ2025ን የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። ዜናው የተሰማው ኦክቶበር 8 ነው። ያ የ15 በመቶ ሰነድ ከተላከ ሳምንት በኋላ ማለት ነው! ይህ ሲሆን አንድ ባለሥልጣን እንኳ አንቀጹን ደግሞ አላነበበውም?

ኖቤል የጥቂቶች ነው ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ወደ ተራው ሥራ እንውረድ። ኪው ኤስ 20 ነጥብ የሚሰጠው የአንድ ዩኒቨርሲቲ ምርምሮች በሌሎች የተጠቀሱበትን ብዛት ለመምህራኑ ቁጥር አካፍሎ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሌሊት ላቦራቶሪ ውስጥ አድሮ ሙከራውን የሚደጋግመው፣ ረቂቁን የሚጽፈው የዶክትሬት ተማሪ ነው። በኢንጂነሪንግና በኮምፒዩተር ሳይንስ ደግሞ ይህ ተማሪ በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ነው። ጽሑፉ ሲጠቀስ ከላይ ይደመራል። ሲካፈል ግን እሱ አካፋዩ ውስጥ የለም፤ መምህር አይደለማ። ልፋቱ ይቆጠራል፣ እሱ አይቆጠርም።

የኪው ኤስ ትልቁ ነጥብ፣ 30 በመቶ፣ የሚገኘው ደግሞ በዓለም ዙሪያ ያሉ ምሁራን በሚሰጡት ድምፅ ነው። የሚሠሩበትን ተቋም መምረጥ አይችሉም፤ የተማሩበትን ግን ይችላሉ። ተምሮ አገሩ የተመለሰው መምህር መጠይቁ ሲመጣለት ማንን የሚጽፍ ይመስላችኋል? በደንብ ያስተማረውን ነው። ቪዛ እየከለከሉ፣ በየኤርፖርቱ እያዋከቡ ይህን ፍቅር ማቆየት አይቻልም።

"ገደቡ እኮ የመጀመሪያ ዲግሪን ብቻ ነው" የሚል አይጠፋም። የዛሬው የዲግሪ ተማሪ የነገው የዶክትሬት ተማሪ ነው። ደግሞስ በሜይ 2025 ሃርቫርድ የውጭ ተማሪ እንዳያስተምር ሲታዘዝ ዲግሪና ዶክትሬት ተለየ? 6,800 ገደማ ተማሪዎች፣ ከሩብ በላይ የሚሆኑት፣ በአንድ ደብዳቤ መድረሻ ሊያጡ ነበር። ፍርድ ቤት ባያግደው ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር?

ሰነዱ ከተላከላቸው ዘጠኙ አንዱ የሆነው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ አልፈርምም ብሏል፣ የመጀመሪያውም እሱ ነው። ፕሬዚዳንቷ ሳሊ ኮርንብሉዝ የውጭ የዲግሪ ተማሪዎቻቸው ቀድሞም 10 በመቶ አካባቢ ላይ የተገደቡ መሆናቸውን ገልጸው ነበር። የ15 በመቶው ጣሪያ ሳይነካቸው እምቢ ማለታቸው ያስከብራቸዋል።

ደረጃ አውጪዎቹ ያንን የፓስፖርት ዓምድ ያንሱት። በምትኩ ከመጡት ስንቱ በጊዜው እንደተመረቀ፣ ስንቱ በሙያው ሥራ እንዳገኘ ይጠይቁ። የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶችም ተመሳሳይ ሰነድ ሲመጣላቸው ስለ ደረጃቸው መጻፉን ይተዉት። የየላቦራቶሪያቸውን የተመራማሪዎች ስም ዝርዝር፣ እያንዳንዱ ከየት እንደመጣና ምን እየሠራ እንደሆነ ጽፈው፣ ከእምቢታቸው ጋር አያይዘው ይላኩ።