የእኛ ቤት ፋይል

በርሊን አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴትዮ አለች። ያደገችው በድሮው ምሥራቅ ጀርመን ነው። ባለፈው ምሳ ላይ ሰላጣዋን እያገላበጠች «ስለ እኔ ለሽታዚ ሲያወራ የነበረው ወንድሜ ነው» አለችኝ። ሹካዬ አየር ላይ ቀረ። እሷ እቴ! መብላቷንም አላቆመች።

ሽታዚ የዚያ መንግሥት የደኅንነት መሥሪያ ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሰው አመልክቶ የገዛ ፋይሉን ያነባል። የሁሉም ሰው ፋይል ቢደረደር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ አዳማን ያልፋል። ቬራ ቮለንበርገር የምትባል የፓርላማ አባል የራሷን ስታነብ «ዶናልድ» የሚል የምስጢር ስም አገኘች። ዶናልድ ባሏ ሆኖ ተገኘ።

ሴትዮዋ ኮፒውን አሳየችኝ። የሌሎች ሰዎች ስም በጥቁር ተሰርዟል። የተጻፈው ተራ ነገር ነው። ማን መጣ፣ በስንት ሰዓት መብራት ጠፋ። ወንድሟ ከዩኒቨርሲቲ እንዳይባረር ብሎ ነው አለች። ሁለት ዓመት ተኳረፉ። አሁን ገናን አብረው ይበላሉ።

ወደ እኛ ቤት ልምጣ። 1969 እና 70፣ ቀይ ሽብር። ቀበሌው «ልጆቻችሁን አጋልጡ» ሲል አያቴ አጎቴን እጁን ይዛ ወሰደችው። ይመክሩትና ይለቁታል ብላ። ሌሎቹ ሦስቱ ይትረፉልኝ ብላም ጭምር፤ ይቺን ግን ጮክ ብሎ የሚናገር የለም። በሦስተኛው ቀን «እርምጃ ተወስዶበታል» ተባለ። ማልቀስ ክልክል ነው። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አደረች አሉ። ይህንንም የነገረችኝ እናቴ እንዳትመስላችሁ። ጎረቤት ናት፣ ያውም ለቅሶ ቤት፣ ቡና እየተቀዳ።

እቤት ሳሎን ፎቶው ተሰቅሏል። ልጅ ሆኜ ስጠይቅ «በሽታ ነው» ይሉኝ ነበር። ምን ዓይነት በሽታ ነው በ19 ዓመቱ ቀበሌ ገብቶ የሚገድል?

አያቴ ላይ አልፈርድም። ጠመንጃ ፊት ቆማ ከልጆቿ አስመርጠዋታል። የሚያንገበግበኝ የእኛ አፍ ነው። ጀርመኖቹ የገዛ ገመናቸውን ቁጥር ሰጥተው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። እኛ ዘንድ መዝገብ ቤቱ አክስቶቼ ናቸው፣ እነሱም አንድ በአንድ እያለቁ ነው።

ትናንት ለእናቴ ደወልኩላት። «እማዬ፣ ያን ቀን አንቺም አብረሻቸው ሄደሽ ነበር?»

ዝም። የበረንዳው ዶሮ ሲጮኽ ይሰማኛል።

«ልጄ፣ ካርድ አለቀብኝ» ብላ ዘጋችው።

የደወልኩት እኮ እኔ ነኝ።