የሠራተኛ ታሪክ ለጎጃም ባዕድ አይደለም

እዚህ ባሕር ዳር አንድ ተቋም የሟቹን የታሪክ መምህራችንን ካርቶኖች «እስከ ሰኔ 30 ካልወሰዳችሁ እናስወግዳለን» ብሎ ለቤተሰቡ ደብዳቤ ጽፏል። ጋሼ ዕድሜያቸውን የጨረሱት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን ሠራተኞች ታሪክ ሲሰበስቡ ነው። የተቋሙ ክፍል ጠባብ መሆኑን አይቻለሁ፤ እሱን አልክድም። ያንገበገበኝ ኃላፊው ለቤተሰቡ የመለሱት ቃል ነው፦ «ጎጃም የገበሬ አገር ነው፤ የሠራተኛ ታሪክ ማን ያነበዋል?»

ይህን የሚል ሰው የሚኖርበትን ከተማ አያውቅም። ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ተቋቋመ፤ የጢስ ዓባይ መብራትም ሲመጣ ሞተሩን እንዲያዞር ነው። እዚያ ገብቶ ክር ሲፈትል ያደረው ማን ሆነና? የገበሬው ልጅ ነው! በ1960 ዓ.ም. በግብርና ገቢ ግብር የተነሣው ገበሬና ደመወዙ ለወር አልበቃ ያለው ሸማኔ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። አንዱን የጎጃም ታሪክ፣ ሌላውን የባዕድ ወሬ ማድረግ ድፍረት ነው።

«የጋሼ ጥናት ተጽፎ አልቋል፤ ወረቀቱንም በስልክ ፎቶ አንስተነዋል» ይላሉ ደግሞ። ያነሡት ፊቱን ብቻ ነው። ጋሼ ወረቀት ስለማይጥሉ በጀርባውም ይጽፉ ነበር። ከካርቶኖቹ አንድ የቃለ መጠይቅ ካርድ በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ተናጋሪዋ የፈትል ክፍል ሴት ናት፤ ካቦው አርፍደሻል ብሎ የቀን ደመወዟን እንደቆረጠባት ትናገራለች። ጀርባው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጓደኛዋ አላረፈደችም አለች፤ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ተመልሼ ልጠይቅ» ይላል። ከሥሩ፣ በሌላ ቀን ቀለም፦ «ጠየቅኋት። አለቀሰች።» በታተመው ጥናት ውስጥ ይህች ሴት አንዲት መስመር ናት፣ «በማርፈድ የተቀጡ ነበሩ» የምትል። እውነቱ ያለው ካርዱ ላይ ነው። የሚቀጥለው ተማሪ ጋሼ የሰሙትን ሰምቶ፣ የተጠራጠሩትን ተጠራጥሮ፣ ከፈለገም «ተሳስተዋል» ብሎ መሟገት የሚችለው ካርዱ ሲኖር ብቻ ነው። ጥናቱን አስቀምጦ ካርዱን መጣል ፍርዱን ይዞ የምስክሮቹን ቃል ማቃጠል ነው።

የሠራተኛ ታሪክ ሲነሣ ወንጂ፣ አቃቂ፣ የድሬዳዋ ባቡር ይባላል። በየካቲት 1966 የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አራት ቀን አድማ ሲመታ የእኛ ሰው ምን አለ፣ ምን ፈራ ብሎ ለጠየቀኝ ልጅ የምሰጠው ወረቀት የለኝም። ካለም እነዚያ ካርቶኖች ውስጥ ነው። የእኛ ሰው ዝም ስላለ አይደለም የጠፋው፤ የተናገረውን የሚያስቀምጥ ስለጠፋ ነው።

ደብዳቤው ይሳብ። ለካርቶኖቹ አንድ መደርደሪያና አንድ ቁልፍ ያለው ክፍል ይሰጣቸው፤ ሌላ የጠየቀ የለም። ቤተሰቡ የሚኖርበት የኪራይ ቤት ቆርቆሮው ያፈሳል፤ ዝናቡም ጀምሯል።