ማስተካከያ፦ ስለ ሳቮ ሚሎሼቪች

የቀድሞው አጥቂ ሳቮ ሚሎሼቪች በዩሮ 2000 (የአውሮፓ ዋንጫ) ለሰርቢያ ተጫውቶ ብቻውን ኮከብ ግብ አግቢ ሆኗል የሚል መረጃ ሲዘዋወር ቆይቷል። ይስተካከል። ያኔ የለበሰው የዩጎዝላቪያን ማሊያ ነው። ክብሩንም የተጋራው ከሆላንዱ ፓትሪክ ክላይቨርት ጋር ነው፤ ሁለቱም 5 ግብ ነበራቸው። በዚያው ውድድር ስሎቬኒያ 3 ለ 0 እየመራች፣ የሳቮ ቡድን ደግሞ በቀይ ካርድ ጎድሎ ሳለ፣ በ6 ደቂቃ ውስጥ 3 ለ 3 ሆነ። ሁለቱ ግቦች የእሱ ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር እያለ ማጋነን ለምን አስፈለገ?

ጫማውን የሰቀለውም እንደሚባለው በስፔኑ ክለብ ኦሳሱና አይደለም። በ2008 ከሩቢን ካዛን ጋር የሩሲያ ሊግ ሻምፒዮን ሆኖ ነው። በዚያው ዓመት ሰርቢያ ቡልጋሪያን 6 ለ 1 ስትረታ፣ በስንብት ጨዋታው ሁለት አግብቶ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት ስቷል። በአሰልጣኝነት ደግሞ በ2019 ፓርቲዛንን ይዞ የሰርቢያን ዋንጫ አንስቷል።