የተሸጠው ደብዳቤ እና ያልተከሰሰው ጠበቃ

እ.ኤ.አ. በ1940 ለዕይታ የበቃው፣ ዊሊያም ዋይለር ያዘጋጀው እና ቤቲ ዴቪስ በመሪ ተዋናይነት የሠራችበት «ዘ ሌተር» (ደብዳቤው) የተሰኘ ፊልም ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚነገርለት፣ ባሏን ስለ ከዳች እና ውሽማዋን ስለ ገደለች ሴት የሚተርክ ሥራ መሆኑ ነው። አባባሉ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ጎዶሎ ነው። በእኔ እምነት የፊልሙ ከባዱ ክስ የቀረበው በሌስሊ ክሮስቢ ላይ ሳይሆን፣ እርሷን በነጻ ባሰናበተው ችሎት እና ወንጀል መሆኑን እያወቀ ማስረጃ በገዛው ጠበቃዋ ላይ ነው። የዘመኑ ሳንሱር በፊልሙ መጨረሻ ላይ ያስጨመረው ቅጣት ደግሞ ይህንኑ ክስ አድበስብሶታል።

ታሪኩ የሚጀምረው በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው ሲንጋፖር አካባቢ በሚገኝ የጎማ ዛፍ እርሻ ላይ ነው። ጨረቃ ወጥታለች፤ ከተበጣው የዛፍ ቅርፊት ነጩ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ይላል፤ ሠራተኞቹ ተንጠልጣይ መኝታቸው ላይ ተጋድመዋል። ካሜራው ይህን ሁሉ በዝግታ እያሳየን ሳለ ተኩስ ይሰማል፤ አንድ ሰው ከቤቱ ሰገነት እየተንገዳገደ ይወርዳል፤ ሽጉጥ የያዘች ሴት ከኋላው ተከትላ፣ ከወደቀ በኋላም ጥይቱ እስኪያልቅ ድረስ ትተኩስበታለች። ከዚህ በኋላ ማን ገደለ የሚል ጥያቄ አይኖርም። ተመልካቹ ገዳይቱን አይቷታል፤ ፊትዋ ላይ ድንጋጤ እንዳልነበረም አስተውሏል። ፊልሙ በቀረው ጊዜ ሁሉ የሚያሳየን፣ ሁላችንም ያየነው ነገር በሕግ ፊት እንዴት እንዳልነበረ ሆኖ እንደሚቀር ነው።

ሌስሊ የምትሰጠው ቃል የተሰናዳ ነው። ሟቹ ጄፍ ሃሞንድ የቤተሰብ ወዳጅ ነበር፤ ባሏ ሮበርት በሌለበት ሌሊት ሳይጠራ መጣ፤ ሊደፍራት ሲሞክር ክብሯን ለመከላከል ተኮሰች። አገሩን የሚያስተዳድሩት እንግሊዛውያን ይህን ቃል ለመቀበል ማስረጃ አላስፈለጋቸውም፤ ከእነርሱ ወገን የሆነች፣ ጨዋ እና ዝምተኛ የእርሻ ኃላፊ ሚስት መናገሯ በቂ ነበር። በዚያ ላይ እጇ ሥራ አይፈታም። በፊልሙ ውስጥ በተደጋጋሚ የምናያት አንገቷን ደፍታ ዳንቴል ስትሠራ ነው። ዴቪስ የዚህችን ሴት ውሸት በእንባ ወይም በጩኸት አላሳየችም፤ በኪሮሹ እና በክሩ አሳየችው እንጂ። ጠበቃው ጥያቄ ሲያነሣ እጇ ለአፍታ ቆም ይልና መልሶ ይቀጥላል። ስለ ትወና ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም።

ነገሩ የሚገለበጠው የጠበቃው ጸሐፊ ኦንግ ቺ ሴንግ፣ ትሕትናው ሳይጓደል፣ የአንድ ደብዳቤ ግልባጭ ይዞ ወደ አለቃው ቢሮ ሲገባ ነው። ደብዳቤውን ሌስሊ ለሃሞንድ የጻፈችው በተገደለበት ቀን ነው፤ ባሏ እንደማያድር ነግራ እንዲመጣ አጥብቃ ትለምነዋለች። ዋናው ቅጂ ያለው በሟቹ ሚስት እጅ ሲሆን ዋጋው አሥር ሺህ ዶላር ነው። ጠበቃው ሃዋርድ ጆይስ ደንበኛው ስትዋሸው እንደቆየች በዚህ ያውቃል። ደብዳቤው ፍርድ ቤት ቢቀርብ ራስን መከላከል የሚለው ክርክር እንደሚፈርስ፣ እርሱ ገዝቶ ቢደብቀው ደግሞ የሙያ ክብሩን የሚያሳጣ ወንጀል እንደሚሠራ አልጠፋውም። ያም ሆኖ ይገዛዋል። የሚገዛው ለጥቅም አይደለም፤ ሮበርት የቅርብ ወዳጁ ነው፤ ሚስቱን የሚወደው ወዳጁ ልቡ ሲሰበር ማየት አልቻለም።

ፊልሙን ከተራ የወንጀል ታሪክ የሚለየው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ፍትሕ እዚህ የተበላሸው በጉቦኛ ዳኛ ወይም በክፉ ሰው አይደለም፤ በወዳጅነት፣ በይሉኝታ እና በወገንተኝነት ነው። ጄምስ ስቲቨንሰን የተባለው ተዋናይ ጆይስን የተጫወተው በድካም በዛለ ፊት እና በሚያመነታ ድምፅ ነው፤ በችሎቱ የመጨረሻ ንግግሩን ሲያደርግ እያንዳንዱ ቃል ጉሮሮው ላይ እየቆመ እንደሚወጣ እናያለን። ዋይለር ለችሎቱ የሰጠው ጥቂት ደቂቃ ብቻ መሆኑም ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ፍርዱ ቀደም ብሎ በገንዘብ ስላለቀ፣ በችሎቱ ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ሥርዓት ከማድረስ አያልፍም።

ግዢው ራሱ የሚፈጸመው በቻይናውያኑ ሰፈር በሚገኝ አንድ ሱቅ ውስጥ ነው። የሟቹ ሚስት ገንዘቡን ሌስሊ ራሷ ይዛ እንድትመጣ ጠይቃለች። ስትመጣም ደብዳቤውን እጇ ላይ አታኖርላትም፤ መሬት ላይ ትጥልላታለች። ሌስሊ ተንበርክካ አንሥታ፣ አመስግና ትወጣለች። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው የአገራችን አባባል ይህችን ሚስት በሚገባ ይገልጻታል፤ የባሏ ደም የትኛውም ችሎት ፊት በእውነት እንደማይመረመር ስለገባት፣ ከሕግ ልታገኝ የማትችለውን በዚያች አንዲት ደቂቃ ወሰደች። ሚናውን የተጫወተችው የዴንማርክ ዝርያ ያላት አሜሪካዊቷ ጌል ሶንደርጋርድ ናት፤ የእስያ እና የአውሮፓ ክልስ እንድትመስል በሜካፕ ተቀይራለች። የዚያ ዘመን ሆሊውድ ትልቅ ጥፋት ነው። ገጸ ባሕርይዋም ለራሷ የምትናገረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ጉዳይዋን የሚያስረዳላት ኦንግ ነው። ይህ ዝምታ ምን ያህሉ የፊልሙ ድክመት፣ ምን ያህሉ ደግሞ የቅኝ ግዛቱን ፍርድ ቤት እውነት የሚያሳይ እንደሆነ ለመለየት ይከብዳል፤ እኔ ሁለቱንም ነው የማየው።

የታሪኩ መነሻ የሆነው እውነተኛ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም በላይ የሚያነጋግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 በኩዋላ ላምፑር፣ የአንድ ትምህርት ቤት ተጠባባቂ ርእሰ መምህር ሚስት የነበረችው ኤቴል ፕራውድሎክ፣ ዊሊያም ስቱዋርድ የተባለ የማዕድን ሥራ ኃላፊን ተኩሳ ገደለች፤ እርሷም ሊደፍረኝ ሞክሮ ነው አለች። የእውነተኛው ችሎት ፍርድ ከልብ ወለዱ በተቃራኒ ነበር፤ ጥፋተኛ ተብላ ሞት ተፈረደባት። በአገሩ የነበሩ አውሮፓውያን ምሕረት እንዲደረግላት ጠየቁ፤ ከተማዋ የነበረችበት የሴላንጎር ግዛት ሱልጣንም ምሕረት ስላደረጉላት ተፈትታ ወደ እንግሊዝ ሄደች። እንግሊዛዊው ደራሲ ሶመርሴት ሞም በ1920ዎቹ ማላያን (የዛሬዋን ማሌዥያ አካባቢ) ሲጎበኝ የሰማውን ይህን ታሪክ በመጀመሪያ አጭር ልብ ወለድ፣ በ1927 ደግሞ ለፊልሙ መነሻ የሆነ ቴአትር አደረገው። በእውነተኛው ታሪክ ፍርድ ቤቱ የጨከነባትን ማኅበረሰቡ አዳናት፤ ሞም ግን ማኅበረሰቡን ፍርድ ቤቱ ውስጥ አስገባው። ይህ ለውጥ የደራሲው ትልቁ ማስተዋል ይመስለኛል።

በቴአትሩ መጨረሻ ሌስሊ አትሞትም። የገደለችውን ሰው አሁንም እንደምትወድ ለባሏ ትናገራለች፤ ከዚያ ጋር መኖር ይጠብቃታል። እ.ኤ.አ. በ1929 ከተሠራው የመጀመሪያው ፊልምም ሕያው ሆና ነው የምትወጣው (በዚያኛው ፊልም ሟቹን ውሽማ የተጫወተው ኸርበርት ማርሻል፣ በ1940ው ደግሞ የተካደውን ባል መሆኑ የሚገርም ነው)። ዴቪስ ይህን የኑዛዜ ቃል የባሏን ዓይን እያየች መናገር አይቻልም ብላ ከዋይለር ጋር ተጋጭታ ከቀረጻው ወጥታ ነበር፤ ተመልሳ እርሱ እንዳለው ሠራችው። ዋይለር ልክ ነበር። ሌስሊ ዓይኗን ብትሰብር ኖሮ የሮበርት ይቅርታ የሚያርፍበት ቦታ ያገኝ ነበር።

ፊልሙ እዚህ ቢያበቃ ምንኛ ጥሩ ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1930 የወጣው እና ከ1934 ጀምሮ ጆሴፍ ብሪን በጥብቅ ያስፈጸመው የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ፣ ገዳይም ሆነች አመንዝራ ሳትቀጣ እንድትቀር አይፈቅድም ነበር። በቴአትሩ ውስጥ የሃሞንድ ውሽማ የነበረችው ቻይናዊት በፊልሙ ሕጋዊ ሚስቱ እንድትሆን ተደረገ፤ በመጨረሻም ሌስሊን በአትክልቱ ቦታ በጩቤ እንድትገድል ተደረገ። ከግቢው ስትወጣ ፖሊስ በሩ ላይ ይይዛታል፤ ተባባሪዋ የሆነው አሽከርም አብሮ ይያዛል።

ብዙዎች ይህን መጨረሻ የሚተቹት በላይ የተለጠፈ ስለሚመስል ነው። እኔን የሚያስቆጣኝ ግን የቅጣቱ አመዳደብ ነው። እንግሊዛዊቷ ገድላ ፍርድ ቤት ነጻ አወጣት፤ ባሏ የተገደለባት ሴት ግን ስትገድል ፖሊስ በዚያው ሌሊት፣ በዚያው በር ላይ ደረሰላት። ደንቡ ሁለት ሴቶችን እና አንድ አሽከር በመቅጣት ሥነ ምግባር ተጠብቋል አለ። ማስረጃውን የገዛውን፣ ለዳኞቹ የዋሸውን እና በሚቀጥለው ቀን ወደ ቢሮው የሚመለሰውን ሃዋርድ ጆይስን ግን ማንም አልጠየቀውም። ዋይለር እና ስቲቨንሰን በዚያ ሰው ፊት ላይ ያኖሩትን ጥፋት ሳንሱሩ ጥፋት ብሎ አልቆጠረውም፤ ከፊልሙም ያላወጣው ስላላየው ነው።