ጥያቄው እስከ መለኪያ ሳጥኑ ይውረድ

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የተቋራጮች ማህበራት መሪዎች ከመድረክ መድረክ ይዘውት የሚዞሩት አንድ ጥያቄ አለ፤ የዋጋ ማስተካከያ። ጥያቄው ትክክል ነው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር ሲያልፍ፣ ቀደም ብሎ በቁርጥ ዋጋ የፈረመ ተቋራጭ ፌሮውንና የኤሌክትሪክ ዕቃውን በአዲሱ ዋጋ እየገዛ በአሮጌው ይከፈለዋል። እንዲህ ያለውን ኪሳራ ማንም ለብቻው ሊሸከመው አይገባም።

ነገር ግን የማህበር መሪ ሥራ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ አያበቃም። ያልተከፈለው ልዩነት የሆነ ቦታ ይሄዳል። ሐቀኛው ተቋራጭ ከኪሱ ይከፍለዋል፣ ወይም ሥራውን አቁሞ ይከሰሳል። ሌላው ከሲሚንቶው፣ ከፌሮው፣ አርማታው ውሃ ከሚጠጣባቸው ቀናት ላይ ይቀንሰዋል። ጎንደር ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ የማጓጓዣ ዋጋ ስለሚደረብባት ፈተናው እዚህ ይበረታል። ስለዚህ የዋጋውን ጥያቄ የሚያነሣ መሪ ሁሉ የጥራቱንም ጥያቄ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አለበት። የሚጀመረውም አሸዋና ጠጠር ከሚሰፈርበት መለኪያ ሳጥን ነው።

አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ይመዝናል፤ በይዘት 35 ሊትር ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት የአሸዋና የጠጠር መለኪያ ሳጥን በውስጡ 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይሠራል፤ 36 ሊትር ይይዛል። ለሲ-25 አርማታ፣ ማለትም በካሬ ሚሊ ሜትር 25 ኒውተን ለሚሸከመው፣ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር የሚባለው በዚህ ሳጥን ተሰልቶ ነው። አናጢው ጥልቀቱን 20 ሳንቲ ሜትር ካደረገው ሳጥኑ 40 ሊትር ይሆናል። ልዩነቱ ለዓይን አይታይም። በአምስቱ ሳጥን ግን 20 ሊትር አሸዋና ጠጠር ይጨመራል፣ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሊገባ የሚገባው ሲሚንቶ ወደ 330 ገደማ ይወርዳል። ሳጥኑ አፉ ላይ በጣውላ ተስተካክሎ ካልተላጨና ተቆልሎ ከተገለበጠ ደግሞ ከዚያም በታች ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ይህን የሚያደርገው የቀን ሠራተኛው ሌባ ሆኖ ሳይሆን፣ ማንም ሳጥኑን ለክቶ ስለማያውቅ ነው። ሜትር ይዞ መገኘት በቂ ነበር።

ከሳጥኑ የባሰው ውሃው ነው። ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካንና ሩብ፣ አሸዋው ውስጥ ያለው እርጥበት ጭምር ታስቦ ይበቃል። አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚያወርደው ቫይብሬተር ሲበላሽ ወይም የኮለኑ ፌሮ ሲጠብ ሠራተኛው አርማታው እንዲወርድለት ውሃ ይጨምራል። 25 የነበረው 33 ሊትር ሲሆን ጥንካሬው ሩብ ያህል ይጠፋል፤ ሲሚንቶው ግን አልተነካም፣ ደረሰኙም ሙሉ ነው። ስለዚህ ሲሚንቶ በመቁጠር ብቻ የሚቆጣጠር ፎርማን ይህን ፈጽሞ አይደርስበትም። መድኃኒቱ ሁለተኛ ቫይብሬተር ተጠባባቂ ማድረግና ውሃውን በጀሪካን ቆጥሮ መስጠት ነው። ቱቦ ሚክሰሩ አፍ ላይ ተለቆ መዋል የለበትም።

አሸዋውን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ አሸዋና ትንሽ ጨው የተቀላቀለበት ውሃ ጨምሮ፣ ነቅንቆ ሦስት ሰዓት ማስቀመጥ ነው። ከላይ የሚተኛው ደለል በውፍረቱ ከሥሩ ካለው አሸዋ ከመቶ 6 እጅ ከበለጠ አሸዋው መታጠብ አለበት።

የፌሮውም ነገር እንዲሁ ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ፣ 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንዱ ዘንግ 10.66 ኪሎ ሊመዝን ይገባል። ሚዛኑ ላይ 9.3 ኪሎ ከመጣ ውፍረቱ 11.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ መሐንዲሱ ከቆጠረበት ብረት ከመቶ 13 እጅ የለም ማለት ነው። ተቋራጩም እንደ ቤቱ ባለቤት ተታሎ ሊሆን ይችላል። ዘንጉን ሚዛን ላይ የማውጣት ልማድ ግን በብዙ ሳይት የለም፤ የከተማው የተቋራጮች ማህበር ቢፈልግ በአንድ የግንባታ ወቅት ልማድ ሊያደርገው ይችላል።

ከዚያ በኋላ ማጠጣቱ ይመጣል። ገበያው ላይ በብዛት ያለው ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ሲሚንቶ ጥንካሬውን የሚያገኘው ዝግ ብሎ ስለሆነ ሶሌታውም ኮለኑም ቢያንስ 14 ቀን እርጥብ ሆነው መቆየት አለባቸው። ጎንደር በ2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ፀሐዩና ነፋሱ ከአርማታው ፊት ላይ ውሃውን ቶሎ ይመጥጡታል። የአንገረብ ግድብ በደለል ተጎድቶ ከተማዋ የመጠጥ ውሃ እንኳ በፈረቃ በምታገኝበት ጊዜ ተቋራጩ አርማታው ለሚሸፈንበት ጆንያ ማርጠቢያ ውሃ በቦቴ ይገዛል። ይህ ወጪ ደግሞ በሥራ ዝርዝርና ዋጋ ሰነዱ ላይ ለብቻው አይጻፍም፣ አርማታው ዋጋ ውስጥ ተጠቃሎ ይቀራል። የማይታይ ወጪ ደግሞ መጀመሪያ የሚቆረጠው ነው። የውሃ ማጠጣት ሥራ በጨረታ ሰነድ ላይ ራሱን የቻለ መደብ ተደርጎ እንዲለካና እንዲከፈል መጠየቅ፣ በእኔ እምነት የማህበር መሪ ሊያነሣቸው ከሚችላቸው ጥያቄዎች ሁሉ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ሕንፃ የሚያድነው ነው።

የአርማታው ጥንካሬ የሚፈተንበትን ናሙና፣ ኩቡን፣ መሙላቱም ሊታሰብበት ይገባል። 15 ሳንቲ ሜትር የሆነው ቅርጽ በሦስት ንብብር ተሞልቶ እያንዳንዱ 35 ጊዜ ይመታል፤ ሦስቱ በ7ኛው፣ ሦስቱ በ28ኛው ቀን ይሰበራሉ። የሲ-25 ኩብ ማሽኑ ላይ 562.5 ኪሎ ኒውተን መሸከም አለበት። የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ለኩቡ ተብሎ ልዩ ቡኮ ከተዘጋጀ ውጤቱ ያማረ፣ ሕንፃው የተጎሳቆለ ይሆናል። ናሙናው የሚወሰድበትን ሰዓትና ሚክሰር መምረጥ ያለበት ከተቋራጩ ውጭ ያለ ሰው ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች አሉት፤ ከማህበሩ ጋር ተስማምተው ናሙና ቢወስዱ ለእነሱም የሚያስተምር፣ ለከተማውም የሚጠቅም ነው።

አሁን ወደ ዋጋው ልመለስ፣ ጥያቄው ውድቅ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ማስረጃ በማጣት ነውና። የዋጋ ማስተካከያው ቀመር ከባድ አይደለም፤ የእያንዳንዱ ድርሻ በዋጋው ዕድገት እየተባዛ ይደመራል። እንበልና የማይለወጠው ድርሻ 0.20፣ ሲሚንቶ 0.25፣ ፌሮ 0.20፣ ነዳጅ 0.10፣ ጉልበት 0.25 ይሁን። ሲሚንቶ በ1.4፣ ፌሮ በ1.5፣ ነዳጅ በ1.3፣ ጉልበት በ1.1 እጥፍ ቢያድጉ ድምሩ 1.255 ይመጣል፤ ክፍያው ከመቶ 25 ተኩል ይጨምራል። ታዲያ የጨረታው ወቅት ዋጋ ስንት ነበር? ብዙው ተቋራጭ ይህን በደረሰኝ ማሳየት አይችልም። ፊዲክ የተባለው ዓለም አቀፍ የመሐንዲሶች ፌዴሬሽን በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው የውል ቅጽ ደግሞ የይገባኛል ማስታወቂያ ችግሩ በታወቀ በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልቀረበ መብቱ ይጠፋል። ማህበሩ በየወሩ መጨረሻ በጎንደር ገበያ የሲሚንቶ፣ የፌሮ፣ የአሸዋ፣ የጠጠርና የግንበኛ የቀን ዋጋን መዝግቦ፣ ማህተም አድርጎ ቢያስቀምጥ፣ ከብዙ የመግባቢያ ሰነድ ይልቅ ተከራካሪውን ያግዘዋል።

ማህበሩ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ሊያደርገው የሚችለው ሌላም ነገር አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ 624/2001 ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ወይም ሕዝብ የሚገለገልበትን ሕንፃ ምድብ ሐ ብሎ፣ የተመዘገበ ባለሙያ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ስሙ በወረቀት ላይ ሆኖ እግሩ ሳይቱን የማይረግጥ መሐንዲስ ግን አለ። ፈቃዱን አከራይቶ የተገኘን አባል ማገድ በማህበሩ ሥልጣን ውስጥ ነው። አባልነት መዋጮ ከመክፈል ያለፈ ትርጉም የሚኖረው ያን ጊዜ ነው።

ጎንደር ላይ የኖራ ግንበኞችንም መርሳት አይቻልም። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ ግንብ በድንጋይና በኖራ የቆመ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በተደረጉ ጥገናዎች ሲሚንቶ ገብቶበት በኋላ ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆኗል። ሲሚንቶ ከአሮጌው ኖራ ይጠነክራል፣ እርጥበትም አያስተነፍስም፤ ግድግዳው የጠጣው ውሃ በመገጣጠሚያው መውጣት ሲያቅተው በድንጋዩ ፊት ይወጣል፣ ድንጋዩም ይላጣል። ኖራን በጉድጓድ ውስጥ በውሃ አብርዶ ለሳምንታት ማቆየት፣ ድንጋዩን አርጥቦ መገንባት፣ ልስኑን ከፀሐይ ከልሎ ማድረቅ የሚችል ሰው በሰነድ ሳይሆን በእጁ ነው የሚታወቀው። እነዚህን ሰዎች መዝግቦ፣ በሥራቸው ፈትኖ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ማህበር ቢኖር፣ የግቢው እድሳት በየጊዜው ባለሙያ ፍለጋ ባልዞረ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ የጎንደር ሳይቶች ዳግም ይከፈታሉ። ከዚያ በፊት ማህበሩ አንድ ሚዛን ገዝቶ፣ ትክክለኛ ልክ ያለው የብረት ሳጥን አሠርቶ ለየሳይቱ ማዋስ ይችላል።