ማስተካከያ፦ ሊዬዥ–ባስቶኝ–ሊዬዥ የሚጠናቀቀው በአንስ ዳገት ላይ አይደለም

ለደብረ ብርሃንና ለአካባቢው የብስክሌት ስፖርት ወዳጆች ስለ ቤልጅየሙ የአንድ ቀን ውድድር ባቀረብሁት ቅድመ ዳሰሳ፣ ፍጻሜው ከሊዬዥ ከተማ ዳር በምትገኘው በአንስ ዳገት ላይ እንደሆነ ጽፌ ነበር። ስህተት ነው፤ አንባቢዎችን ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በአንስ ይጠናቀቅ የነበረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1992 እስከ 2018 ሲሆን፣ ከ2019 ጀምሮ ወደ ሊዬዥ ሜዳማ ጎዳና ተመልሷል።

ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ቀድሞ አቀበት የሚችሉ ተወዳዳሪዎች ጉልበታቸውን ለመጨረሻው ዳገት ማቆየት ይችሉ ነበር፤ አሁን ግን በአጨራረስ ፍጥነት የሚበልጣቸውን ተፎካካሪ ማራገፍ የሚሹ ሁሉ ቀደም ብለው ማጥቃት ስላለባቸው፣ በ2024 ስሎቬንያዊው ብስክሌተኛ ታዴይ ፖጋቻር ተገንጥሎ የወጣው ፍጻሜው ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሲቀረው፣ ላ ረዱት በተባለው ዳገት ላይ ነበር።

ዳገቶቹን ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ከሚወስደው መንገድ ጋር ማመሳሰሌም አሳሳች ነበር። ጣርማ በር ረዥም ነው፤ ብስክሌተኛው አንድ ማርሽ ይዞ፣ ትንፋሹን አስተካክሎ፣ ጉሙን እየሰነጠቀ ጥምዝምዙን ይወጣዋል። ከውድድሩ ዳገቶች አንዱ የሆነው ሮሽ ኦ ፎኮን ግን 1.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ ተዳፋትነቱ በአማካይ 11 በመቶ ይደርሳል። እዚያ የሚያደክመው የአንዱ ዳገት ርዝመት ሳይሆን፣ 250 ኪሎ ሜትር በሚያህል ጉዞ ውስጥ አጫጭር አቀበቶች እየተከታተሉ መምጣታቸው ነው።

ቤልጅየማዊው ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስ ውድድሩን 5 ጊዜ በማሸነፍ ክብረ ወሰኑን እንደያዘ የተጻፈው ትክክል ነው።